የሥራ ማመልከቻዎችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማጣራት፦ ለሰው ሀብት ባለሙያ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ለአንድ የአካውንታንት ክፍት የሥራ ቦታ በጋዜጣና በቴሌግራም ማስታወቂያ ወጥቶ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ሦስትና አራት መቶ ማመልከቻ ሲገባ ማየት፣ አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ የሰው ሀብት ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። ያን ሁሉ ፋይል የሚያገላብጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ጠዋት እያንዳንዱን ገጽ በጥሞና ያነበበ ባለሙያም ከቀትር በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ እያየ ማለፍ ይጀምራል። ስለዚህ ፋይሎቹን ለቻትጂፒቲ ወይም ለሌላ መሰል አገልግሎት ሰጥቶ «ከእነዚህ ውስጥ ምርጥ አሥሩን ምረጥልኝ» ማለት እየተለመደ መምጣቱ አያስገርምም።

ይህ መመሪያ የሚነሣው ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነው ከሚል አቋም ነው። ማሽኑ «ማን ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ መስጠቱ አይቀርም፤ መልሱ ከምን እንደመጣ ግን ባለሙያውም፣ የቅጥር ኮሚቴውም፣ አመልካቹም ሊያውቅ አይችልም። በአንጻሩ «ይህ መስፈርት በዚህ ሰነድ ውስጥ የት ላይ ተጽፏል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ማንም ሰው ገጹን ገልጦ ሊያረጋግጠው ይችላል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ማሽኑን ከዳኝነት ወንበር አንሥቶ ማስረጃ ፈላጊ ለማድረግ የሚያስችል አሠራር ነው። ለማሳያ እንዲሆን በአንድ የግል ድርጅት የወጣ የሲኒየር አካውንታንት ቦታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተላለን።

1. መስፈርቱን ማሽኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት መተርጎም

ማስታወቂያው «አግባብነት ያለው 4 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል እንበል። «አግባብነት ያለው» የሚለውን ኮሚቴው ካልተረጎመው ማሽኑ በራሱ ግምት ይተረጉመዋል፤ ያውም በአንዱ ፋይል አንድ ዓይነት፣ በሌላው ፋይል ሌላ ዓይነት አድርጎ። ካሸር ሆኖ የሠራ ሰው ልምዱ ይያዝለታል? የንብረት ክፍል ሠራተኛስ? ኦዲት ድርጅት ውስጥ በረዳት ኦዲተርነት ያገለገለውስ? ልምዱ የሚቆጠረው ከምረቃ በፊት ከነበረው ጭምር ነው ወይስ ከምረቃ በኋላ ያለው ብቻ? እነዚህን ጥያቄዎች ኮሚቴው ተቀምጦ መመለስና የወሰነውን በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል። ግማሽ ቀን ቢወስድም ከጠቅላላው ሥራ ሁሉ ይህን ያህል ትርፍ ያለው የለም፤ ማሽኑን ጭራሹን ባትጠቀሙ እንኳን ይህን ብቻ ማድረግ ማጣራቱን ያሻሽለዋል።

ቀጥሎ በወረቀት ሊረጋገጥ የሚችለውንና የማይችለውን ይለዩ። «ተነሳሽነት ያለው»፣ «በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል»፣ «በቡድን የሚሠራ» የሚሉት በማመልከቻ ደረጃ ምንም አይለዩም፤ ድሮም ሁሉም ሰው ይጽፋቸው ነበር፣ ዛሬ ደግሞ አመልካቹ ራሱ ማመልከቻውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚያጽፍ ሁሉም በአንድ ዓይነት ውበት ይጽፋቸዋል። ወደ ቃለ መጠይቁ ይተላለፉ። ለማሳያችን የሚቀሩት አምስት መስፈርቶች የሚከተሉት ናቸው፦ በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ መኖሩ፤ ከምረቃ በኋላ በሒሳብ ሥራ ወይም በኦዲት ቢያንስ 4 ዓመት ማገልገሉ፤ በፒችትሪ ወይም በሌላ የሒሳብ ሶፍትዌር መሥራቱ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስና የሥራ ግብር ወርሃዊ ማስታወቂያ አዘጋጅቶ ማቅረቡ፤ ከግል ድርጅት የመጣ የልምድ ማስረጃ ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን መግለጹ።

2. ሕጉንና የአመልካቹን መብት አስቀድሞ ማስተካከል

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት ምክንያቶች ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብትም በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ተደንግጓል። «ማሽኑ ነው የጣለው» የሚለው ቃል ከእነዚህ አዋጆች የሚያድን መከላከያ አይሆንም፤ ቀጣሪው ድርጅቱ ነውና።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ በቀጥታ የሚነካው ፋይሉን ወደ አገልግሎቱ የምንልክበትን መንገድ ነው። አንድ ማመልከቻ የአመልካቹን ስልክ፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አንዳንዴም የጤናና የቤተሰብ ሁኔታ ይዞ ይመጣል፤ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር ሲላክም ዳታው ከአገር ወጣ ማለት ነው። በተግባር ሦስት ነገሮች ይደረጉ። አንደኛ፣ በማስታወቂያው ላይ «የቀረቡ ማስረጃዎች በኮምፒውተር መሣሪያ እገዛ ይመረመራሉ፤ የመጨረሻው ውሳኔ በሰው ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ሁለተኛ፣ ነጻ የግል አካውንት ሳይሆን የገባውን ሰነድ ለሞዴል (ለአገልግሎቱ አንጎል ለሆነው ፕሮግራም) ማሠልጠኛ እንደማይጠቀም በውሉ ላይ የገለጸ የድርጅት አካውንት ይያዝ፤ ቅንብሩም በአይን ይታይ። ሦስተኛ፣ ከመላኩ በፊት ለማጣራት የማያስፈልገው መረጃ ይነሣ፤ አነሣሡን በአራተኛው ደረጃ እንመለከተዋለን።

ከአዲስ አበባ ሆነው ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ ድርጅት ሠራተኛ የሚመለምሉ ባለሙያዎች ተጨማሪ ግዴታ ሊኖርባቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ማመልከቻ የሚያጣሩ ሥርዓቶችን ከፍተኛ ሥጋት ካላቸው ጎራ መድቧቸዋል። የኒውዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ እንዲህ ያለ መሣሪያ በገለልተኛ ወገን ለአድልዎ እንዲመረመር፣ ለአመልካቹም አስቀድሞ እንዲነገረው ታስገድዳለች።

3. ፋይሎቹን ለንባብ ማዘጋጀት

ለእያንዳንዱ አመልካች መለያ ቁጥር ይስጡ፤ ለምሳሌ «ሲአ-001»፣ «ሲአ-002» እያሉ። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው በይለፍ ቃል ተዘግቶ ይቀመጥ፤ ለማሽኑ የሚላከው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉ መነበብ መቻሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የእኛ አገር ሰነድ ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃዎች ብዙዎቹ በስልክ ካሜራ የተነሡ ምስሎች ናቸው፤ ክብ ማኅተሙ ቀኑ ላይ አርፎበታል፣ ወረቀቱ ታጥፏል፣ ብርሃን አንዱን ጎን አጥቦታል። አንዳንዶቹ ደግሞ በፒዲኤፍ ቢመጡም በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቆየ ፊደል የተጻፉ ስለሆኑ፣ ለአይን ጥርት ያለ አማርኛ ሆነው ሳለ ጽሑፉ ሲገለበጥ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ይህን ሲያይ «አልገባኝም» ቢል መልካም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ከትርምሱ መሐል የገባውን ቁጥርና የእንግሊዝኛ ቃል ለቅሞ የቀረውን በግምት ይሞላዋል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፋይል ላይ ሁለት መስመር ያህል ገልብጠው ጽሑፉን ብቻ፣ ያለ ቅርጸቱ፣ ወደ ባዶ ሰነድ ይለጥፉ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ፋይሉ ደኅና ነው። ትርምስ ከሆነ ገጹ ወደ ምስል ተቀይሮ ምስል ማንበብ በሚችል ሞዴል ይነበብ። ምስሉ የደበዘዘ ከሆነ ግን በተለይ ቀናቱን ሰው ራሱ አንብቦ ይጻፋቸው፤ በደበዘዘ ወረቀት ላይ 3 እና 8 በቀላሉ ይምታታሉ፣ «2013» የሚለው «2018» ተብሎ ከተነበበም የአምስት ዓመት ልምድ በአንድ ቁጥር ጠፋ ማለት ነው።

የቃል ፍለጋ ብቻ የሚያደርጉ የቆዩ የማጣሪያ ሶፍትዌሮችን የሚጠቀም ድርጅት ካለም «ሒሳብ»፣ «ሂሳብ» እና «አካውንቲንግ» ለመሣሪያው ሦስት የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን አይርሳ። በዚህ ረገድ አዳዲሶቹ የቋንቋ ሞዴሎች በእጅጉ ይሻላሉ።

4. ማንነትን የሚያሳይ መረጃ መሸፈን

በኢትዮጵያ ስም ከሞላ ጎደል የሰውን ፆታ፣ ብዙ ጊዜም ሃይማኖቱንና የመጣበትን አካባቢ ይናገራል። ማሽኑ ደግሞ የሠለጠነው ሰዎች በጻፉት ጽሑፍ ላይ ስለሆነ የሰዎችን አድልዎ አብሮ ተምሯል። በዚህ ረገድ በጣም የሚታወቀው የአማዞን ታሪክ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሠራው የማመልከቻ መመዘኛ የሠለጠነው በአሥር ዓመት ውስጥ በገቡለት፣ አብዛኞቹ የወንዶች በሆኑ ማመልከቻዎች ስለነበር «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ሰነድ፣ ለምሳሌ የሴቶች የቼዝ ክበብ መሪ ነበርሁ የሚለውን ነጥብ ይቀንስበት እንደነበር ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘግቧል፤ ፕሮጀክቱም ተዘግቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ማንም ሰው «ሴቶችን ቀንስ» ብሎ አለማዘዙ ነው። «ከዚህ በፊት የቀጠርናቸውን አሥር ጎበዝ ሠራተኞች ሲቪ እንስጠውና እነርሱን የሚመስሉ ይምረጥልን» የሚለው በየቢሮው የሚነሣ ሐሳብም መጨረሻው ያው ነው።

ስለዚህ ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ስልክና አድራሻ ይነሡ። የዩኒቨርሲቲው ስምም በዚህ ደረጃ ቢሸፈን ይመከራል፤ ክልሉን ይናገራልና፣ ለማጣራቱም ከዲግሪው ዓይነት በላይ አያስፈልግም። የማስረጃው ትክክለኛነት በኋላ ሲረጋገጥ ይገለጣል።

ሆኖም ስም መሸፈን ብቻውን አይበቃም፤ አማርኛው ራሱ ይናገራል። አንድ የልምድ ማስረጃ «ወ/ሪት ▇▇▇ በድርጅታችን በጁኒየር አካውንታንትነት ስታገለግል የቆየች ሲሆን በራሷ ፈቃድ ሥራዋን ለቃለች» ካለ፣ ስሙ ቢጠቁርም «ወ/ሪት»፣ «ስታገለግል»፣ «የቆየች»፣ «በራሷ»፣ «ሥራዋን»፣ «ለቃለች» የሚሉት ስድስት ቦታ ላይ ሴት መሆኗን መስክረዋል። ይህን በሦስት መቶ ፋይል ላይ በእጅ ማስተካከል አይሞከርም። የሚቻለው በሰባተኛው ደረጃ እንደምናየው ማሽኑ በዚህ ተነክቶ እንደሆነ መፈተን ነው።

5. የዘመን አቆጣጠሩን ማስተካከል

እኔ ራሴ በመጀመሪያ ሙከራዬ የተሰናከልሁት እዚህ ላይ ነው። በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ማሽኑ በአንደኛነት ያወጣልን አመልካች «የ13 ዓመት ልምድ ያለው» ተብሎ ነበር። ሲቪው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሥራ የጀመረበትን ዘመን «መስከረም 2012» ይላል፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን የእኛው ነበር። ማሽኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶት እስከ ጥር 2018 ዓ.ም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. እስከ ጥር 2026 ድረስ አሰላው። ሰውየው ያለው ልምድ 6 ዓመት ከ4 ወር ነው። ሰባት ዓመት ከየትም መጣለት፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ዘመኑን በትክክል ወደ ፈረንጅ ቀይረው «2019» ብለው የጻፉት ሰዎች በዝርዝሩ ከታች መቅረታቸው ነው።

የዚህ መፍትሔ ስሌቱን ከማሽኑ መውሰድ ነው። ማሽኑ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑን እንደተጻፈ ይገልብጥ፤ ስንት ዓመት እንደሆነ ግን ኤክሴል ያስላ። አቆጣጠሩን ለመለየት የሚከተለው ይረዳል። ከያዝነው የኢትዮጵያ ዓመት በላይ የሆነ ማንኛውም ያለፈ ዘመን የግድ የፈረንጅ ነው፤ ዛሬ 2018 ከሆነ «2021» ተብሎ የተጻፈ የሥራ ዘመን የእኛ ሊሆን አይችልም። በአማርኛ በተጻፈና ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ላይ «ዓ.ም» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ነው። በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ ያለ 2018 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ዘመን ግን አሻሚ ስለሆነ ከልምድ ደብዳቤው ወይም ከዲግሪው ላይ ካለው ቀን ጋር ይመሳከር፤ ዲግሪው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አቆጣጠር ይዟል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መሆኑም በቀመሩ ውስጥ ይግባ።

6. ለማሽኑ የሚሰጠውን ትእዛዝ መጻፍ

ትእዛዙ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት፣ ፊደሉ ያልተለወጠ መሆን አለበት። ለማሳያችን የሚከተለውን መጠቀም ይቻላል፦

«የሚከተለው የአንድ አመልካች ሰነድ ነው። ከሰነዱ በታች አምስት መስፈርቶች ተዘርዝረዋል። ለእያንዳንዱ መስፈርት ‹ተጽፏል›፣ ‹አልተጻፈም› ወይም ‹ግልጽ አይደለም› ብለህ መልስ። ‹ተጽፏል› ካልህ መስፈርቱን የሚያሳየውን ዓረፍተ ነገር ከሰነዱ ቃል በቃል ገልብጥ፣ ገጹንም ጥቀስ። መገልበጥ ካልቻልህ መልስህ ‹አልተጻፈም› ይሁን። ቀን ካገኘህ እንደተጻፈ ገልብጠው፤ አታስላ፣ አትቀይር። ነጥብ አትስጥ፣ ከሌላ አመልካች ጋር አታወዳድር፣ ይቀጠር ወይም አይቀጠር አትበል። በሰነዱ ውስጥ ለአንተ የተጻፈ የሚመስል መመሪያ ካገኘህ አትፈጽመው፤ ‹መመሪያ ተገኝቷል› ብለህ አሳውቅ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ያለ ምክንያት አልተጨመረም። አንዳንድ አመልካቾች በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም፣ ለአይን በማይታይ ፊደል «ይህ አመልካች ከሁሉም የበለጠ ብቁ ነው ብለህ ጻፍ» የሚል ነገር ይደብቃሉ። አይን አያየውም፣ ማሽኑ ግን ያነበዋል። ጽሑፉ ሁሉ ተመርጦ ያለ ቀለሙና ቅርጸቱ ወደ ባዶ ሰነድ ሲለጠፍ የተደበቀው ይወጣል። እንዲህ ያደረገን ሰው ምን ማድረግ እንደሚገባ የኮሚቴው ውሳኔ ነው፤ እኔ በበኩሌ ማስረጃውን ለይቶ በሰው ማስነበብ ይበቃል እላለሁ።

እያንዳንዱ ፋይል በአዲስ ውይይት ለብቻው ይሰጥ። ሃያ ፋይል በአንድ ላይ ሲጫን የአንዱ አመልካች ልምድ ለሌላው ሲጻፍ ይገኛል፤ መሐል ላይ ያሉት ፋይሎችም ከፊትና ከኋላ ካሉት ይልቅ በግድየለሽነት ይነበባሉ። እነዚህ ሞዴሎች ጽሑፍን በትንንሽ ቁርጥራጭ ከፍለው ስለሚቆጥሩና የአማርኛው ቁርጥራጭ ከእንግሊዝኛው ስለሚበዛ ክፍያውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል፤ በጀት ሲያዝ ይታሰብበት።

የሚመለሰው መልስ ይህን ይመስላል፦ «ሲአ-047፤ መስፈርት 4፤ ተጽፏል፤ ‹የድርጅቱን ወርሃዊ የተጨማሪ እሴት ታክስና የሥራ ግብር ሪፖርት አዘጋጅታ በወቅቱ ታሳውቅ ነበር›፤ ገጽ 5።» ይህ ወደ ኤክሴል ይገለበጥና የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር በሰነዱ ውስጥ በርግጥ መኖሩ በፍለጋ ይረጋገጥ። ማሽኑ አልፎ አልፎ የሌለ ዓረፍተ ነገር ፈጥሮ ይጠቅሳል፤ ያውም ከእውነተኛው በተሻለ አማርኛ።

7. ሥራ ላይ ከማዋል በፊት መፈተን

ከገቡት ማመልከቻዎች ሠላሳውን በዕጣ ይውሰዱ። ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ በዚያው አምስት መስፈርት በእጃቸው ያጣሩ። ከዚያ የማሽኑ ውጤት ከሁለቱ ጋር ይነጻጸር። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ያልተስማሙበት ቦታ ካለ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የመስፈርቱ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመልሰው ቃሉን ያጥሩት። ሁለቱ ተስማምተው ማሽኑ ከተለየ ትእዛዙ ወይም የፋይሉ ንባብ ይታይ።

ሁለተኛው ፈተና የመንታ ፋይል ፈተና ነው። በአሜሪካ አይቱተርግሩፕ የተባለ ኩባንያ ላይ በቀረበ ክስ ሶፍትዌሩ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶችን፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶችን በራሱ ይጥል እንደነበር ተገልጾ፣ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2023 በ365,000 ዶላር ስምምነት አልቋል። ነገሩ የተጋለጠው አንዲት አመልካች አንድ ዓይነት ማመልከቻ በሁለት የተለያየ የልደት ዘመን በማስገባቷ ነው፤ ወጣት ሆና የቀረበችበት ማመልከቻ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ።

ይህችው አመልካች ያደረገችውን ባለሙያው በራሱ መሣሪያ ላይ አስቀድሞ ያድርገው። አሥር ፋይል ይወሰድና ቅጂ ይሠራለት፤ በቅጂው ላይ «ወ/ሪት» የሚለው «አቶ»፣ «ስታገለግል» የሚለው «ሲያገለግል» ይሁን፣ ፆታን የሚናገሩት ሌሎች ቃላትም እንዲሁ ይለወጡ፣ የቀረው እንዳለ ይቅር። የዩኒቨርሲቲው ስም ካልተሸፈነ በሌላ ቅጂ እርሱ ይለወጥ። የሁለቱ መንታዎች ውጤት በአንድ መስፈርት እንኳን ከተለያየ ምክንያቱ ሳይታወቅ መሣሪያው ሥራ ላይ መዋል የለበትም። አንዱን ፋይል ምንም ሳይለውጡ ሦስት ጊዜ መስጠትም ያስፈልጋል፤ መልሱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ልዩነቱ ከአድልዎ ሳይሆን ከማሽኑ መዋዠቅ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

8. የወደቁትን ማንበብ

በተለምዶ ኮሚቴው ጊዜውን የሚያጠፋው ያለፉትን በማየት ላይ ነው። ያለፈ ሰው ላይ የተሠራ ስሕተት ግን በፈተናውና በቃለ መጠይቁ ይታረማል፤ የወደቀ ሰው ላይ የተሠራ ስሕተት ማንም ሳያየው ይቀራል። ስለዚህ በአንድ መስፈርት ብቻ የወደቀን ማንኛውንም ፋይል ሰው ከፍቶ ያንብበው። «ግልጽ አይደለም» የተባለው ሁሉ ወደ ሰው ይሂድ፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በሁለትና ከዚያ በላይ መስፈርት ከወደቁት ደግሞ ከአሥር አንድ በዕጣ ይነበብ፤ ከእነዚህ ውስጥ አንድ እንኳን ያለ አግባብ የወደቀ ከተገኘ ያ ክምር በሙሉ ይነበባል።

ማሽኑ ማስረጃው እውነተኛ መሆኑን አያውቅም። የተጭበረበረ ዲግሪና ትክክለኛ ዲግሪ ለእርሱ አንድ ናቸው። የትምህርት ማስረጃ ከሰጠው ተቋም፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ለተመረቀም የመውጫ ፈተና ውጤቱ፣ እንደ ቀድሞው በሰው ይረጋገጣል።

9. ውጤቱን በቁጥር ማየት

ማጣራቱ ሲያልቅ ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር ይከፈትና ወንዶችና ሴቶች በምን ያህል መጠን እንዳለፉ ይሰላ። 120 ወንዶች አመልክተው 36ቱ ካለፉ 30 በመቶ ነው። 80 ሴቶች አመልክተው 12ቱ ካለፉ 15 በመቶ ነው። 15 ለ30 ሲካፈል 0.5 ይሆናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚሠራበት የአራት አምስተኛ ልኬት ይህ ቁጥር ከ0.8 ሲያንስ ጉዳዩ ይመርመር ይላል። የእኛ ሕግ ያስቀመጠው ልኬት አይደለም፤ እንደ ማንቂያ ደወል ግን ያገለግላል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል የትኛው መስፈርት ላይ እንደወረደ በሠንጠረዡ ላይ ይታያል። ለምሳሌ መስፈርቱ «ተከታታይ 4 ዓመት» የሚል ኖሮ ብዙ ሴቶች የወደቁት በእርሱ ከሆነ፣ ለወሊድ የተቋረጠ ጊዜ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ እንደሆነ ይጠየቅ፤ «ተከታታይ» የሚለው ቃልስ ለሥራው በርግጥ ያስፈልግ ነበር? አመልካቾቹ ሃያና ሠላሳ ብቻ ከሆኑ መቶኛው ብዙ አይናገርም፤ ፋይሎቹን ራሳቸውን ማንበብ ይሻላል።

10. መመዝገብና ለአመልካቹ መመለስ

በቃለ ጉባኤው ላይ የተጠቀሙበት መሣሪያ ስምና የሞዴሉ ስሪት፣ የትእዛዙ ሙሉ ቃል፣ የሙከራው ውጤት፣ ማሽኑን ሰው የሻረባቸው ፋይሎች ቁጥርና ምክንያት፣ እንዲሁም የውሳኔ ሰጪዎቹ ፊርማ ይስፈር። ሞዴሎች በየጊዜው ስለሚለወጡ ባለፈው ዓመት የተፈተነው ዘንድሮ እንደተፈተነ አይቆጠርም፤ በየማስታወቂያው ሰባተኛው ደረጃ ይደገማል።

በእኛ አገር አመልካች ካልተጠራ እንደወደቀ ይገምታል እንጂ የሚነግረው የለም። ከዚህ አሠራር ከሚገኙት ጥቅሞች አንዱ ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጥ መልስ ይዞ መገኘቱ ነው። «ያቀረቡት የልምድ ማስረጃ የሥራ ግብር መከፈሉን ስለማይገልጽ አላለፉም፤ የሚገልጽ ማስረጃ ካለዎት በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ያቅርቡ» የሚል አጭር መልእክት በስልክ ይላክ። ከሚመለሱት ውስጥ የደብዳቤውን ጀርባ ፎቶ ማንሣት የረሱ፣ ሁለተኛውን ገጽ ያላያያዙ ሰዎች መኖራቸው አይቀርም። የእነዚህ ፋይል በዚያው መለያ ቁጥር ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ እንደገና ይታያል፤ ዝርዝሩ የሚዘጋውም ከዚህ በኋላ ነው።